አስተኚው አለኸኝ

ይህን ለመናገር የወሰንኩት ዳንግላ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነው። ጋሽ አለኸኝን ቀብረን ተመልሰን ንፍሮው እየዞረ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴትዮ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ፣ «ይኸ እኮ ነው እንጅባራ እያለ ሰው አስተኝቶ የገደለው» አለቻት። አፏን በንፍሮው ሳህን ልላት ምንም አልቀረኝ። እግዜር ያውቃል፣ እጄ ተነሥቶ ነበር። የሟች ሚስት እያየችኝ ስለነበር ብቻ ነው የተውኩት። ወጥቼ ከድንኳኑ ጀርባ ቆምኩ። ከሐዘን አይደለም፣ ከንዴት ነው። ሐዘኑ በኋላ ነው የመጣው።

አራት ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቻለሁ። ዝም በይ ያለኝ እሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ይኸው ሞተ። የሌሎቹን ስም ቀይሬ እናገራለሁ፤ ልጆቻቸው እንዳያፍሩ።

ጋሽ አለኸኝ ሰመመን ሰጪ ነበር። ኦፕራሲዮን የሚደረገው ሰው እንዳያመው የሚያስተኛው እሱ ነው፤ ገጠሬው «አስተኚው» ነበር የሚለው። እኔ ነርስ ነኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሰባት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ በነዚያ ሰባት ዓመታት ሳልሰደብ የዋልኩበት ቀን ቢኖር እሑድ ብቻ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። ሲወርድብኝ ግን በሆዴ «አንተ» ነበር የምለው። ዛሬ በሆዴ እንደምጠራው ልጥራው፤ እንዲያውም እንደዚያ ነው የምወደው።

አጭር፣ ቀጭን፣ ጆሮው ከፊቱ ቀድሞ የሚታይ ሰው ነበር። ድምፁ ግን የበሬ ነው። ሰላም ሲል እጅ አይጨብጥም፤ አንጓችሁን ነው የሚይዘው። ጣቱን ደም ሥራችሁ ላይ አሳርፎ «እንደምን አደርክ፣ ልጆች ደኅና ናቸው?» እያለ ልባችሁን ይቆጥራል። አንድ ቀን የሆስፒታሉን ሥራ አስኪያጅ እንደዚያው ይዞ ቆየና፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ ስብሰባውን ተዉትና ሄደው ይታዩ» አላቸው። ሥራ አስኪያጁ ተቆጡ። ሄደው ታዩ እንጂ።

አዲስ የመጣ ቀዶ ሐኪም ነበረን፤ ናሆም እንበለው። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ እጁ ጎበዝ፣ አፉ ፈጣን። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ስለ አንድ በሽተኛ፣ «ቀላል ቡአ ናት እኮ፣ ሃያ ደቂቃ አትፈጅም» አለ። ጋሽ አለኸኝ የያዘውን ሳህን ከነመሣሪያው ከግድግዳው ጋር አላተመው። መቀሱና መቆንጠጫው እግራችን ሥር ተበተነ።

«ላንተ ነው ቀላል!» ብሎ ጮኸበት። «ኦፕራሲዮን ማለት ድብደባ ነው፣ ገባህ? ሰውየውን አስተኝተን ነው የምንደበድበው። እሱ አይሰማውም፣ ልቡ ግን ይሰማዋል። ቢላው ሆዱ ላይ ያርፋል፣ ዱላው ልቡ ላይ ነው የሚያርፈው! ዱላ የማይችል ልብ ይዞ የመጣን ሰው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው ብለህ አትደበድበውም!»

የናሆም ፊት አመድ መሰለ። እኔ ጎንበስ ብዬ መቀስ ለቀምኩ።

ሐኪም ሁሉ በሽተኛውን «ሌላ ሕመም አለብህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጋሽ አለኸኝ ይቺን ጥያቄ ይንቃት ነበር። «የኛ አገር ሰው ሲጠይቁት ደኅና ነኝ ነው የሚል፤ ሲሞትም ደኅና ነኝ ይላል» ይለኝ ነበር። እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። «ገበያ ስትወጣ የት ላይ ነው የምታርፈው? ድንች ተሸክመህ ነው ወይስ ባዶህን? አምና እዚያው ነበር የምታርፈው? ማታ ጋደም ትላለህ ወይስ ግድግዳ ተደግፈህ ነው የምታድረው?» ከዚያ በሽተኛውን ይዞ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለችውን አቀበት ይወጣል፤ ዝናብ ይሁን ጭቃ ግድ የለውም። አብሮ እየወጣ ያወራዋል። ማውራት ያቃተው፣ ቆም ያለ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ያን ዕለት አይተኛም። መጀመሪያ ልቡ ይታያል። አንዴ አንዲት የሰባ ዓመት እናት ጥለውት ወጡና ከላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ አንተን ማን ያስተኛህ?» አሉት። ያን ቀን ብቻ ነው በሥራ ሰዓት ሲስቅ ያየሁት።

ስሜነህ የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ከጥርባ አካባቢ የመጣ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ገበሬ ነበር፣ በአገሩ የታወቀ ፈረሰኛ። ብሽሽቱ ላይ አንጀቱ የሚወጣበት ቡአ ለዓመታት አስቸግሮት ጥር ከመግባቱ በፊት፣ የፈረሰኛ ማኅበራቸው የፈረስ ቀን ሳይደርስ ኦፕራሲዮን ሊያስደርገው ፈለገ። ከታላቅ ወንድሙ ከአዲሱና ከሦስት ዘመዶቹ ጋር ነው የመጣው። ቅጹን የሞላሁለት እኔ ነኝ። «ሌላ ሕመም አለብህ?» አልኩት። «ኧረ ምንም የለብኝ» አለ። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኑን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ከኋላው አሥር ሰው ተሰልፎ ነበር።

ጋሽ አለኸኝ ወደ አቀበቷ ወሰደው። እኔና ወንድሙ ከታች ሆነን እናያለን። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ስሜነህ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ያደረገው የላስቲክ ኮንጎ ነው።

«ማሰሪያ የሌለውን ጫማ ነው የምታስረው?» ሲል ጋሽ አለኸኝ፣ ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ።

እዚያው ሣሩ ላይ አስቀምጦ ደረቱን አዳመጠው። እግሩን በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው ጎድጉዶ ቀረ። ቀስ በቀስ ሁሉ ወጣ። ስሜነህ ከልጅነቱ ጀምሮ የልብ በር ጥበት ነበረበት፤ ክኒንም ይውጥ ነበር። ባለፈው ዓመት ጸበል ገባና ከጸበል ጋር መድኃኒት አይሄድም ብሎ ጣለው። ለማንም አልተናገረም፣ ለወንድሙም ጭምር፤ ልቡ የታመመ መሆኑ ከታወቀ ማኅበሩ ፊት አያሰልፈውም። ለሱ ከሞት የሚብሰው ይኸ ነበር።

እንግዲህ ጋሽ አለኸኝ ጥፋት አጠፋ። አልዋሽም፣ ጥፋት ነው። ከአቀበቷ እየወረደ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ወንድሙ ፊት፣ በዚያ የበሬ ድምፁ፣ «ልብህ እንዲህ ሆኖ ዛሬ ባስተኛህ አትነሣም! ሰማህ? አትነሣም!» አለው።

እኛ አገር እንዲህ አይባልም። ቢያውቁትም «እግዜር ያውቃል፣ ትንሽ እንቆይ» ነው የሚባለው። በወንድም ፊት «አትነሣም» ማለት ሟርት ነው። የሰውየውን ሞት ጠርቶ በር ላይ ማቆም ነው። ጋሽ አለኸኝም የዚያው አገር ልጅ ነው፣ አውግኛ እንደ ውሃ ይናገራል፤ ይኸን ያውቀዋል። ሲናደድ ግን የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል።

«አፍህ ይዘጋ! ሟርተኛ!» አለ አዲሱ።

ከሥራ ሲወጣ አዲሱና ዘመዶቹ በር ላይ ጠበቁት። ቀን ነው፣ ባጃጁ ሁሉ ቆሞ፣ ሰው እየወጣ እየገባ። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ፤ በሁለተኛው ተንበረከከ። ፊቱን ሊከልል ግራ እጁን ሲያነሣ አንጓው ላይ መቱት፤ ሲሰበር ጠሽ ያለው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔስ ምን አደረግኩ? የዘበኛው ክፍል ገብቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። በመስኮቱ ነው ያየሁት። ይኸን ለባሌም ነግሬው አላውቅ። ጋሽ አለኸኝ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ጥርሱ በደም ተነክሮ፣ ይማጸናል ብዬ ስጠብቅ፣ «ክኒኑን ይጀምር! ጧት ጧት! ባዶ ሆዱን እንዳይውጠው!» እያለ ይጮህ ነበር። እነሱ ይረግጡታል፣ እሱ ያዛቸዋል። ደብዳቢዎቹ ራሳቸው ግራ ገብቷቸው ነው መሰለኝ የተዉት።

ፖሊስ ሳይደርስ ሽማግሌ ደረሰ። በሦስተኛው ሳምንት አዲሱና ዘመዶቹ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ቤቱ ደጃፍ ተንበረከኩ። ጋሽ አለኸኝ ክንዱ በጀሶ ታሥሮ፣ ፊቱ ገና እንደተላጠ ድንች ቆስሎ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ «ካሳህን ተናገር» አሉት።

«ካሳዬ ክኒኑ ነው» አለ።

ተያዩ። አንዱ ሽማግሌ «አልሰማንህም» አሉ።

«ስሜነህ ሦስት ወር ሳያቋርጥ ክኒኑን ይዋጥ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣ ይታየኝ። በሦስተኛው ወር አቀበቷን ሳይቀመጥ ከወጣት፣ እኔው አስተኝቼ እኔው አነሣዋለሁ። ይኸን እዚህ እናንተ ፊት ይማል። ሌላ የምፈልገው የለም።»

ከሽማግሌዎቹ ጋር አንድ ቄስ ነበሩ። ስሜነህ ወደሳቸው አየ። «ጸበሉም የእግዜር ነው፣ ክኒኑም የእግዜር ነው። ማል» አሉት። ማለ። አዲሱ ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደና ጋሽ አለኸኝን ጉልበቱን ሳመው። አለቀሰም። «ቃሉን ቢበላ እኔው ራሴ ነኝ የምጠይቀው» አለ።

ከዚያ በኋላ ስሜነህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣ ጀመር። ሁለቱ አቀበቷን እየተሰዳደቡ ይወጣሉ። «ደከምክ?» «አልደከምኩ፣ አንተን እየጠበቅሁ ነው!» የእግሩ እብጠት ጎደለ። የሚቀመጥባት ቦታ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እየሸሸች ሄደች። ጋሽ አለኸኝ የተቀመጠበትን ሁሉ በድንጋይ ምልክት ያደርግ ነበር። አንድ ቀን ስሜነህ ሄዶ ሳለ፣ «ትርንጎ፣ አንድ ወር ስጡኝ። አንድ ወር ብቻ» አለኝ። ለኔ ነበር የሚናገረው ግን እኔን አላየኝም።

አንድ ወሩን አላገኘም። በፈረሱ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ስሜነህን በባጃጅ ይዘውት መጡ። የፈረስ ልብሱን እንደለበሰ ነው። እየጋለበ ሳለ ቡአው ወጥቶ ተቆልፏል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ያስመልሰዋል፤ ትንፋሹ እንደ ፈላ ድስት ይንፈቀፈቃል። ወደ ባሕር ዳር ልንልከው ደወልን፤ መንገዱ ላይ ተኩስ አለ ተብሎ አምቡላንሱ አልወጣም። አንጀቱ ካልተከፈተ እስከ ማታ ይሞታል። ከተከፈተ ልቡ ይችል እንደሆነ ማንም አያውቅም። ጋሽ አለኸኝ ጀሶው ከተፈታ ገና ሳምንቱ ነው፤ ግራ እጁ በደንብ አይጨበጥም።

ናሆም «ወገቡን ወግተን እናደንዝዘው» አለ።

«ወገቡን ብወጋው ደሙ ሁሉ ወደ እግሩ ይወርድና ልቡ ባዶውን ይቀራል። በኬታሚን ባስተኛው ልቡ ይጋልባል፤ መጋለብ ደግሞ አይችልም። ቦታውን ብቻ አደንዝዘህ ጀምር። ቀና ብሎ እንደተቀመጠ። እጅህን አለስልሰው» አለው። አልጮኸም። ሳይጮህ ሲናገር ስሰማው ያኔ ነው የፈራሁት።

ደረቱን ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ። ሳንባው ውሃ ሞልቷል። ክኒኑን የሚውጥ ሰው ሳንባ አይደለም። ስሜነህም አየው። ናሆም እንዳይሰማ በአውግኛ ነው የተናገረው። ክኒኑን ካቆመ አሥራ ሁለት ቀን እንደሆነው ነገረው። የሽንት ክኒኑ ከፈረስ ላይ ያስወርደኛል፣ ሌላው ያደክመኛል፣ ለአሥራ ሁለት ቀን ምን ይመጣል ብዬ ነው አለው። ከዚያ ያ በሰው ፊት የማለው፣ ማንንም ለምኖ የማያውቀው ሰው ለመነው፦ ብሞት ለአዲሱ እንዳትነግረው፣ ቃሉን በላ እንዳይሉኝ። ጋሽ አለኸኝ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገለትና፣ በአውግኛ «ዝም ብለህ ተንፍስ፣ አንተ ደነዝ» አለው። ከናሆም በቀር ሁላችንም ሰማነው፤ ሁላችንም ማለት እኔና እሱ ነን።

አንጀቱ ጠቁሮ ነበር። ክንድ የሚያህል መቆረጥ ስለነበረበት ማደንዘዣው ብቻውን አልበቃም፤ ስሜነህ ጮኸ፣ ጠረጴዛውን መታ፣ የግድ መተኛት ነበረበት። ጋሽ አለኸኝ መድኃኒቱን በጠብታ በጠብታ ሰጠው፤ ጣቱ ከአንጓው ላይ አልተነሣም። ናሆም ቆርጦ ሰፍቶ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ልቡ ፈረጠጠ። ከዚያ ተንገዳገደ። ከዚያ የለም።

ጋሽ አለኸኝ ጠረጴዛው ላይ ዘሎ ወጣ። በዚያ ባልዳነ እጁ ደረቱን መግፋት ጀመረ። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ተነሥ! ተነሥ፣ አባክ!» እያለ ይመታዋል። ላቡና እንባው ስሜነህ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። ሲደክመው እኔ ገባሁ፣ እኔ ሲደክመኝ ናሆም። አርባ ደቂቃ ደበደብነው። አልተነሣም።

ናሆም «በጓሮ በር እንውጣ፣ ይገድሉናል» አለ። ልክ ነበር። ውጭ ሃያ የሚሆን ሰው ሽመል ይዞ ቆሟል፤ ናሆም በጓሮ ወጣ፤ አልፈርድበትም። ጋሽ አለኸኝ ጓንቱን አወለቀና በፊተኛው በር ወጣ። እኔም ተከተልኩት። እግሬ ለምን እንደተከተለው አላውቅም።

አዲሱ ገና ፊቱን ሲያየው ገባው። አልጮኸም። «ቃሉን በልቷል?» ብቻ አለ።

ጥያቄው ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። በነሱ ማኅበር ሽማግሌ ፊት ምሎ ቃሉን የበላ ሰው፣ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ከፊት አይወጣለትም። ሞቱም የመሐላው ቅጣት ነው ይባላል፤ ልጆቹም የቃል በላ ልጆች ናቸው። አዎ ቢለው አዲሱ ዱላውን ጥሎ ይሄዳል፤ ስሜነህ እንደ ሌባ ይቀበራል። አልበላም ቢለው ደግሞ፣ ክኒኑን ከዋጠ ማን ገደለው?

ጋሽ አለኸኝ በሕይወቱ እውነትን አለስልሶ የማያውቅ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁን አልማረም፣ እኔን አልማረም፣ «አትነሣም» ብሎ የተሰበረ ሰው ነው።

«አልበላም» አለ። «አንድም ቀን አላቋረጠ። ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ላነሣው አቃተኝ።»

«እንግዲያ አንተ ነህ የገደልከው።»

«እኔ ነኝ።»

ሽመሉ አገጩ ላይ አረፈ። መንጋጋው ሲላቀቅ አየሁ። ሲወድቅ ደግሞ ያንኑ ግራ እጁን ረገጡት። እኔ በዚህ ጊዜ አልሸሸሁም። መካከላቸው ገባሁና «አቁሙ! እሱ ውሸቱን ነው! ስሜነህ እኮ...» ብዬ ጮኽኩ። ቁርጭምጭሚቴን የሆነ ነገር ያዘኝ። ጋሽ አለኸኝ ነው። መሬት ላይ ተኝቶ፣ በዚያ በተላቀቀ አፉ፣ ደም እየተፋ፣ «ዝም በይ» አለኝ። በደንብ አልወጣለትም፤ ግን ገባኝ። ዓይኑ እንደዚያ ሲለምን አይቼው አላውቅም ነበር። ዝም አልኩ። በትሩን እያየሁ ዝም አልኩ፣ ሰው መጥቶ እስኪገላግለው ድረስ።

ለፖሊስ «ደረጃ ላይ ወደቅሁ» ብሎ በወረቀት ጻፈላቸው። እጁ ከዚያ በኋላ መርፌ አልያዘም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስሜነህን ሸኙት። ጋሽ አለኸኝ መንጋጋው ታስሮ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይገለጥም። የኮቴ ድምፅ ሲሰማ በደኅናው እጁ መስኮቱን አሳየኝ። ከፈትኩለት። ፈረሰኞቹ አስፋልቱን ሞልተው ያልፋሉ። ከሁሉ ፊት የስሜነህ ፈረስ ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት ይሄዳል። ልጓሙን የያዘው አዲሱ ነው። ከመስኮታችን ትይዩ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፣ ምራቁን እንትፍ አለና አለፈ።

ጋሽ አለኸኝ እጅጌዬን ጎተተኝ። ምን እንደሚጠይቀኝ ገብቶኛል።

«አለ» አልኩት። «ፈረሱ ከፊት ነው ያለው።»